የሻንጣው ገበር

ሰኔ 15

ትናንት ሰቆጣ ገባን። ከወልድያ ጀምሮ ዓለምነህ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነበር። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ሕመሙ ፊቱ ላይ ብቅ ይልና ይጠፋል። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስኖር የባሌን ፊት ማየት የፈራሁት ትናንት ነው።

ሐኪሙ ለእኔና ለወንድሙ ለአንዷለም ነው የነገረን፤ አዲስ አበባ፣ ኮሪደር ላይ ቆመን። ዓለምነህ ውስጥ ሸሚዙን ይቆልፋል። ጉበቱ ነው። ካንሰር ነው። «ውጤቱን ባንኮክ ላለ ሆስፒታል እንልካለን፤ እንቀበለዋለን ካሉ መስከረም ሳይጠባ መድረስ አለበት» አለን። ቀጥሎ «ለሕመምተኛው ምን እንበለው?» ብሎ ጠየቀ። አንዷለም እኔን ሳያየኝ «ጨጓራ ነው በሉት» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ለባለቤቱ አይነገርም። አባቴም ሳያውቅ ነው የሞተው። ወይም እኛ እንደዚያ እንላለን።

ለጨጓራ ደግሞ ባንኮክ አይኬድም። ስለዚህ አንዷለም ሽርሽር ፈጠረ። «የምጽፍበት መጽሔት ስለ እስያ ከተሞች ጻፊ ብሎኛል በይው። የመጀመሪያ የውጭ ሽርሽራችሁ ነው፤ ወጪው የኔ ስጦታ» አለኝ። ለፓስፖርቱም አሻራ ሰጠን፤ «ለውጭ ሽርሽር ነው» ከማለት በቀር ስለ እስያ ገና አልነገርነውም። ዓለሜ አሻራ ሲሰጥ ጣቱን እንደ ሙሽራ አሣምሮ ዘረጋ።

እናንተዬ... ይኸው፣ እንደ ዓምዴ ልጀምር ነበር። እዚህ ደብተር ላይ እናንተ የምላቸው የሉም።

ሰኔ 18

«እስያ?» አለና ከአልጋው ተነሣ። ሦስት ቀን ተኝቶ የነበረው ሰው አትላሱን ፍለጋ ወንበር ላይ ሊወጣ ሲል ነው የያዝኩት።

ሃያ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከአገር ወጥቶ አያውቅም። አትላሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መንገድ የጀመረ ይመስል በጣቱ ይሄድበታል።

«ካትማንዱ» አለ። «ሌላ ምን ምርጫ አለው? ኤቨረስት የት ነው እያልኩ ስንት ሺህ ልጅ አስጨንቄያለሁ። አንዱ ተነሥቶ ‹ጋሼ፣ እርስዎስ አይተውታል?› ቢለኝ ምን እመልስ ነበር?»

«ባንኮክ ይሻላል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ምግቡ።»

«አንቺ? ወልድያ ሽሮ ሲቀርብልሽ እንኳ አፍንጫሽን የምትነፊው?»

በእርሳስ ካትማንዱን አከበበ። ሁለት ጊዜ አዞረበት። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። ዋሽቼ ነው ባሌን ያስደሰትኩት።

ሰኔ 21

በጥድፊያ። የመጽሔቱ አዘጋጅ መስከረም ስነግራት ሐሳቡን የምር ወደደችው። «የመጀመሪያ የእስያ ጉዞ፣ የትኛዋ ከተማ? አሪፍ ነው፣ ጻፊልኝ» አለች። ውሸቱ ሥራ ሆነ። ሐኪሙ የሰጠንን ወረቀት ወዴት ላድርገው? ለጉዞው መያዝ አለብኝ። የአዲሱን ሻንጣ ገበር ፈትቼ ከውስጥ አስገባሁትና በጥቁር ክር መልሼ ሰፋሁት። ስፌቱ አያስታውቅም።

ሰኔ 28

ጥፋቱ የኔ ነው። ለጎረቤቴ ለዓይናዲስ ብቻ ነበር የነገርኳት፤ ያውም አስምዬ። የሰው ቤት ወሬ እየጻፍኩ የምበላ ሴት የራሴን ቤት ወሬ ለዓይናዲስ እሰጣለሁ? በሦስተኛው ቀን ሰቆጣ ሁሉ አወቀ። ባለቤቱ ሲቀር።

ይመጣሉ። ብርቱካን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ። ማንም ስለ ጨጓራ አይጠይቅም። «እግዜር ያውቃል፣ መምህር» ይሉና መሬት መሬቱን ያያሉ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ።

ሲወጡ ዓለሜ የብርቱካኑን ክምር አይቶ «ጸሐይ» አለኝ፣ «ለሽርሽር የሚሄድ ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ኢየሩሳሌም ለሚሄድ እንኳ እንዲህ አልተተከዘም።»

ዓይናዲስ ወደ ኋላ ቀርታ ነበርና ጣልቃ ገባች፤ «አይ መምህር፣ አውሮፕላኑ አስፈርቷቸው ነው።»

«እነሱ ምን አስፈራቸው? የምሳፈረው እኔ።»

«ለርስዎ ነዋ የፈሩት።»

ጎኑን ይዞ ሳቀ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሐምሌ 6

ማታ ነው፤ ተኝቷል፣ እንደልቤ ልጻፍ።

ከተሞቹን በሠንጠረዥ አወጣቸው። በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በማስመሪያ። ካትማንዱ፣ ባንኮክ፣ ሲንጋፖር፣ ቶኪዮ። ከፍታ፣ ዝናብ፣ ሙቀት። ባንኮክ ጎን «ከዝናብ ሸሽቶ ወደ ባሰ ዝናብ» ብሎ በቀይ ጻፈበት። ካትማንዱ ጎን ምንም አልጻፈም፤ ኮከብ ብቻ።

«የቢያላን ተራራ እያየን ያደግን ሰዎች ባሕር ጠረፍ ላይ አሸዋ ልንታቀፍ ነው?» ይለኛል። «የኛ ተራራ ከነሱ ጎን ልጅ ነው ሲሉ እየሰማሁ ኖርኩ። ሄጄ ልፍረድ እንጂ።»

እኔ ደግሞ ስለ ባንኮክ ገበያ፣ በጀልባ ላይ ስለሚሸጥ ፍራፍሬ አወራለሁ። እንደ ደላላ። ለአንባቢ ስንት ነገር አሣምሬ የጻፍኩ ሴት ለአንድ ሰው ማሣመር አቃተኝ። እሱ ከመቀመጫው ሲነሣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል፤ መቼ እንደበሳው አላየሁም።

አንዷለም በሰኔ መጨረሻ «አዲስ አበባ መጥታችሁ መልሱን እዚሁ ጠብቁ» ብሎኝ ነበር። «ይጠረጥራል፣ ጽሑፉን ልጨርስና በወጉ እንውጣ» አልኩት። ልክ ነኝ። ልክ ነኝ መሰለኝ።

ሐምሌ 13

መንገድ ተዘጋ። አውቶቡስ የለም። ኔትወርክም ከትናንት ጀምሮ የለም። ከባንኮክ መልስ ይምጣ አይምጣ የማውቅበት የለኝም። ለምን በሰኔ አልሄድንም። ለምን።

እናቱ እማሆይ ወለተ ገብርኤል ከፃግብጂ በእግር መጡ። ጠበል በጀሪካን ይዘው። እሳቸውም የሚያውቁት ጨጓራ ነው።

ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። እማሆይን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ በስማቸው ቀን ብቻቸውን አይሄዱም። እሱ «ሻንጣዬን ልጀምር፣ እንዳንቺ በመጨረሻ ሰዓት የሚራወጥ አይደለሁም» ብሎ ቀረ።

ስንመለስ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ። «ጨረስክ?» ስለው «ምኑን?» አለኝ። ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ አናት ወርዶ ከአልጋው ሥር ገብቷል። ውስጡ ምንም የለም። ደክሞት ትቶት ይሆናል።

ምሳ አልበላም። እማሆይ «በስሜ ቀን?» ብለው ተቆጡት፤ ሁለት ጉርሻ ጎረሰላቸው።

ሐምሌ 20

«ካትማንዱን ተዪው» አለኝ ቁርስ ላይ።

«ለምን?»

«ሽቅብ ነው። አንቺ ሽቅብ አትወጂም።»

«አንተስ?»

«እኔ ስንቴ ወጣሁ።»

ከወር በላይ የታገልኩበት ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «እንግዲያው ባንኮክ» አልኩ ቶሎ።

«እናያለን። መንገድ ማቋረጥ ትፈሪያለሽ። እዚህ ባጃጅ እንኳ ሲያልፍ ልብሴን ነው የምትጎትቺው።»

በኋላ አትላሱን ስገልጥ ካትማንዱ ላይ የነበረውን ክብ በላጲስ አጥፍቶታል። አጥብቆ ፍቆት ወረቀቱ ሳስቷል። እሱ እንዲህ ነው፣ ሐሳብ ሲቀይር ሙሉ በሙሉ ነው።

ሐምሌ 26

አዲስ ሠንጠረዥ። ከፍታ የለም፣ ዝናብ የለም። አሁን የሚለካቸው እነዚህ ናቸው፦ ሴት ብቻዋን ስትራመድ ትፈራለች አትፈራም? የጾም ምግብ ይገኛል? እንግሊዝኛ ይሰማሉ? በቀጥታ ይበረራል ወይስ አውሮፕላን ይቀየራል?

«ይኼ ሁሉ ለኔ ነው። ላንተስ ምን ይሁንልህ?» አልኩት።

«እኔ አስቸጋሪ አይደለሁም።»

ለአንባቢዎቼ ይጠቅማል ብሎ ነው መሰለኝ። ደግ ሰው ነው። ዓምዴን ከማንም በፊት የሚያነብልኝ እሱ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ፣ እንደ ተማሪ። ልጅ አልወለድንም፤ ያሳደግነው እኔን ነው ይላል ሲቀልድ።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ገብቷል። እሱ እንዲበላ እማሆይ ራሳቸው ፈቀዱለት፤ ይኼ ራሱ አስደነገጠኝ። እሳቸው ለታመመ የሚራሩ ሰው አይደሉም በጾም ነገር።

ዛሬ የአውሮፕላን ጣቢያ ትምህርት ተሰጠኝ። ምንጣፉ ላይ ትራስ ደርድሮ፣ ይኼ መፈተሻ፣ ይኼ ሻንጣ መስጫ፣ ይኼ ፓስፖርት ማሳያ። «መጥፋት የለም» ይለኛል፣ «ስትጠፊ ቆመሽ ጠይቂ፤ እንባ አያስፈልግም።» ከዚያ ፈተና።

«ፓስፖርት የምታይ ሴትዮ ዘንድ ስትደርሺ መጀመሪያ ምን ታሳያለሽ?»

«አንተን» አልኩ። እንዲስቅ ብዬ ነበር። አልሳቀም። ትራሱን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው።

ከሰዓት ከእናቱ ጋር በቋንቋቸው፣ በኽምጣና ሲያወሩ ሰማሁ። የኔ ኽምጣና ከገበያ አይዘልም። ስገባ እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። ማታ ራት ሳቀርብ «ልጄ፣ አንቺም ብዪ እንጂ» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት «የልጄ ሚስት» ነበር የሚሉኝ። ምን እንደነካቸው እንጃ።

ነሐሴ 10

ትኩሳት። ሌሊቱን ሁሉ። ዓይኑ ቢጫ ነው። እማሆይ ጠበል ረጩት። እኔ ጠበሉንም መድኃኒቱንም ባንኮክንም ለመንኩ። መልስ የለም። መንገድ የለም።

ነሐሴ 11

ቀለል አለው። «ቪዛው አልመጣም?» አለኝ። «ይመጣል» አልኩ። «አይዞሽ» አለኝ። እሱ እኔን።

ነሐሴ 17

ሻደይ ነው። ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ግቢያችን ገቡ። ግማሾቹ ተማሪዎቹ ናቸው። ጃኬቱን ደርቤለት በር ላይ አስቀመጥኩት። ሲጨፍሩ በጣቱ ወንበሩን ይመታል። አንዷ ዘፈኑን አቁማ አየችው፤ ከዚያ ጓደኛዋ ጎሸመቻትና ቀጠለች።

«ኤቨረስት የት ነው?» አላቸው ሲያበቁ።

«ጋሼ ደግሞ፣ በበዓል» ብለው ሳቁ።

ረጅሟ «ጋሼ፣ ጉዞው መቼ ነው?» አለች።

«የጸሐይነሽ ጉዞ ነው፤ እሷን ጠይቂ።»

ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። ወደ ቤት ገብቶ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ የእስያን ትልቅ ካርታ አውርዶ ጠቅልሎ ለረጅሟ ሰጣት። «ክፍላችሁ ስቀሉት» አላት።

«ዓለሜ፣ ያስፈልገናል እኮ» አልኩት።

«አንቺ ስልክሽ ላይ አለልሽ።»

ግድግዳው ላይ ካርታው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አልጋው ላይ ሆኖ ያየዋል።

ነሐሴ 25

መንገዱ ተከፈተ። ኔትወርክ ሲመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወጣ። እኔም ዳገቱ ላይ ወጥቼ ለአንዷለም ደወልኩ።

«አታምጡት ነው የሚሉት» አለኝ። «ተስፋፍቷል። መንገዱ ራሱ ይገድለዋል፤ ቤቱ፣ ሰው መካከል ይሁን ብለዋል።»

«በሰኔ ቢሆንስ?»

«ያው ነበር፣ ጸሐይዬ» አለኝ።

«ጨጓራ ነው በሉት» ያለው ይኸው አንዷለም ነው። አላመንኩትም። በሰኔ መጥታችሁ ጠብቁ ሲለኝ ሽርሽሩ እውነት እንዲመስል ብዬ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ውሸቴን ሳሣምር ነው ቀኑ የሄደው። ዳገቱ ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጥላውን ዘርግቶልኝ ቆመ፤ ዝናብ መጀመሩን አላወቅኩም ነበር።

ቤት ስገባ «ምን አለ?» አለኝ። «ቪዛው ዘግይቷል» አልኩ።

«ለቪዛ ነው እንዲህ የረጠብሽው?»

«አዎ።»

«ፎጣው ከበሩ ጀርባ ነው» አለኝ።

ነሐሴ 29

መስከረም ጽሑፉን ላኪ እያለች ነው። ጻፍኩት። ሳለቅስ የጻፍኩት ጽሑፍ ግን ይስቃል፤ ሙያዬ ነው። እኔና ባለቤቴ ባንኮክ ላይ በጀልባ ስንሄድ፣ እሱ ስለ ወንዙ ርዝመት ሲያስተምረኝ፣ እኔ ማንጎ ስገዛ። ከተማዋን ሁለታችንም መርጠናታል ብዬ ጨረስኩ።

ሳላሳየው መላክ እችል ነበር። ግን ሃያ ዓመት ያላየው ጽሑፍ ልኬ አላውቅም፤ ካላሳየሁት ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ሰጠሁት። ከትራሱ ሥር አደረገው። «ሲያመቸኝ» አለኝ።

ጳጉሜን 2

ጽሑፉን መለሰልኝ። ፊደሉ ተንጋዶ የሱ አይመስልም። ባንኮክን፣ ጀልባውን፣ ማንጎውን፣ ሁሉንም በአንድ ቀይ መስመር ሰርዞታል። በጀርባው የጻፈውን እንዳይጠፋብኝ እዚህ ልገልብጠው፦

«ጸሐይ፣ ሲንጋፖር ሂጂ። በቀጥታ ይበረራል፤ አውሮፕላን ፍለጋ አትሯሯጪም። እንግሊዝኛሽ ይበቃል። መኪናው ይቆምልሻል። ሕንዶቹ ሰፈር ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ሞልቷል፤ ረቡዕና ዓርብ አትቸገሪም። ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ቀኑና ሌሊቱ እኩል ነው፤ ምሽቱ አይረዝምብሽም። ሰዓታቸው ከኛ በአምስት ይቀድማል። በጠዋት ተነሥተሽ ዓይናዲስ ጋ አትደውዪ፤ ተኝታ ነው የምትሆነው።

ዓመቱ ይሙላ፤ ወግ ነው። ሲሞላ ግን ጥቁሩን አውልቀሽ ሂጂ። ሰው ያወራል። ያውራ። አንቺስ ስለ ሰው ስንት ጽፈሻል።

ሻንጣውን ባዶውን ሳነሣው ሲንኮሻኮሽ ጊዜ ነው የፈታሁት። ይቅርታ። ገበሩን መልሼ ሰፍቼዋለሁ። ጥቁር ክር ስላጣሁ በሰማያዊ ነው።»

ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አየሁት። ሰማያዊ ነው። ደንበኛ ተማሪ እንዳሰመረው መስመር ቀጥ ያለ፣ ጥብቅ። ከኔ ይበልጣል ስፌቱ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ሲጀምር ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ተሯሯጡ። እማሆይ «ዝናቡ ይረፍበት፣ የሩፋኤል ጠበል ነው» አሉ። ደግፈን አወጣነውና ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስቀመጥነው። እጁን ብቻ ወደ ዝናቡ ዘረጋ። እማሆይ አይተውን ገቡ።

«ከገብርኤል ጀምሮ?» አልኩት።

«ከገብርኤል ጀምሮ።»

«ለእማሆይ ነግረሃል።»

«እናቴን መዋሸት አቃተኝ። አንቺን ቻልኩበት። እንዳላውቅ ስትለፊ አየሁሽ። ለባንኮክ ስትከራከሪ። አውቄያለሁ ብልሽ ምን ይቀርልሽ ነበር?»

አርባ አራት ቀን። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ እሱ ለኔ ከተማ ሲመርጥ እኔ ለሱ ስመርጥ፣ ለየብቻ አልቅሰናል። አብረን ልናለቅስበት እንችል የነበረ ክረምት ነው ያለቀው።

«ካትማንዱን ለምን ፋቅኸው?»

«ሽቅቡን ብቻሽን አትችዪውም» አለ። «ስትደክሚ የምትነጫነጪበት ሰው ያስፈልግሻል።»

«ሲንጋፖር አልሄድም።»

«ዓመት አለሽ። ታስቢበታለሽ።»

እጁ ሲረጥብ ወደኔ መለሰውና ያዝኩት። እንደ ወረቀት ቀሎኛል። ይኼ እጅ እንዲህ የቀለለው መቼ ነው ብዬ፣ እሱ ሲያንቀላፋ ይህን ደብተር ከሰኔ ጀምሮ ገጽ በገጽ ፈለግኩ። የለም። በየገጹ ያለው ከተማ ነው።